አንድ ዲስክ ሞተ፤ የቀሩት ሦስቱ የሞተው ላይ የነበረውን ከየት ያውቁታል?

በጅማ ፎቶ ቤቶች፣ ክሊኒኮችና የሂሳብ ቢሮዎች ውስጥ አራት ዲስክ የሚይዝ ሳጥን ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጥግ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ ማንም አይነካውም። የገዛው ሰው ስለሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ «አንድ ዲስክ ቢሞት ዳታው አይጠፋም»። እውነት ነው፣ አይጠፋም፤ ይህን የሚያደርገው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሬይድ የሚባል ዘዴ ነው። ችግሩ ወሬው እዚህ ላይ ማብቃቱ ነው። ዲስኩ ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ ሳጥኑ የጎደለውን መልሶ እስኪሞላ ድረስ ያለው ጊዜ አለ፤ ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው በዚያ መሃል ነው። እኛ ጋ ደግሞ ያ ጊዜ ይረዝማል። ምትክ ዲስኩ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ መብራቱም እንደ ፈቀደው ነው።

## ለመሆኑ ሬይድ ምንድን ነው?

ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ አስሮ ኮምፒውተሩ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ እንዲያያቸው የሚያደርግ ዘዴ ነው። ስሙ የታወቀው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ነው። ሐሳባቸው አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አሰባስቦ መጠቀም ነበር። ግን ዲስክ በበዛ ቁጥር አንዱ የሚሞትበት ዕድልም ይበዛል። ስለዚህ የሞተውን መልሶ ለማግኘት የሚረዳ ትርፍ መረጃ አብሮ መቀመጥ አለበት።

ሬይዶች በቁጥር የሚለያዩት ይህን ትርፍ በሚያስቀምጡበት መንገድ ነው። ሬይድ 0 ትርፍ የሚባል ነገር የለውም፤ አንድ ዲስክ ከሞተ ሁሉም አለቀ። ሬይድ 1 አንዱን ነገር ሁለት ቦታ ይጽፋል። ሬይድ 5 ደግሞ ከአራት ዲስክ የሦስቱን ቦታ ያስጠቅማል፣ በብር ሲታሰብ ያዋጣል፣ ስለዚህ ሰው ይወደዋል። እዚህ በዋናነት የማወራው ስለሱ ነው።

## ፓሪቲ የሚሉት ነገርስ?

ቡና የሚረከብ ነጋዴ አስቡ። ሦስት ገበሬዎች አመጡለት። የመጀመሪያው 12 ፈረሱላ፣ ሁለተኛው 9፣ ሦስተኛው 15። ነጋዴው ደብተሩ ግርጌ ላይ ድምሩን 36 ብሎ ጻፈ። ማታ ዝናብ በጣሪያው ገብቶ የሁለተኛውን ገበሬ መስመር አጠበው። ምን ጠፋ? ምንም። ከ36 ላይ 12ም 15ም ሲቀነስ 9 ይቀራል። ድምሩ የማንም ቡና አይደለም፣ ግን ከሦስቱ የማንኛውም መስመር ቢጠፋ ይመልሰዋል። ፓሪቲ ማለት ይህ ድምር ነው።

አሁን ደግሞ የሁለት ገበሬዎች መስመር ታጠበ እንበል። ከ36 ላይ የመጀመሪያውን 12 ስንቀንስ 24 ይቀራል። የሁለቱ አንድ ላይ 24 እንደሆነ እናውቃለን፣ ግን ማን ስንት አመጣ? 9 እና 15 ሊሆን ይችላል፣ 20 እና 4ም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ደብተሩ አይረዳንም። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሲሞት ተርፎ ሁለት ሲሞት የሚወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

## ኮምፒውተሩ እንዴት ይደምራል?

ዲስክ ላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ የሙሽራዋ ቪዲዮም ይሁን የታካሚ ካርድ፣ የ0 እና የ1 ሰልፍ ነው። እንደ ነጋዴው ይደመር ቢባል ቁጥሩ እያደገ ተጨማሪ ቦታ ይበላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ኤክስኦር የሚባል አጭር ስሌት ይጠቀማል። በየዓምዱ ከላይ ወደ ታች 1 የተጻፈባቸውን ይቆጥራል። ብዛታቸው ጥንድ ከሆነ 0 ይጽፋል፣ አንድ ትርፍ ካለ 1 ይጽፋል። በቃ።

እስቲ እንሥራው። አንደኛው ዲስክ ላይ 1011 አለ፣ ሁለተኛው ላይ 0110፣ ሦስተኛው ላይ 1000። የመጀመሪያው ዓምድ 1፣ 0፣ 1 ነው፤ ሁለት 1 አለ፣ ጥንድ ነው፣ ስለዚህ 0። ሁለተኛው ዓምድ 0፣ 1፣ 0 ነው፤ አንድ ብቻ፣ ስለዚህ 1። ሦስተኛው 1፣ 1፣ 0፤ ጥንድ፣ 0። አራተኛው 1፣ 0፣ 0፤ 1። ፓሪቲው 0101 ሆነ፣ እሱም አራተኛው ዲስክ ላይ ተጻፈ።

ሁለተኛው ዲስክ ሞተ። በእጃችን የቀሩት 1011፣ 1000 እና 0101 ናቸው። ያንኑ ቆጠራ ድገሙት። 0፣ 1፣ 1፣ 0 ይወጣል። የጠፋው 0110 ተመለሰ። ልብ በሉ፣ መቀነስ የሚባል ሌላ ስሌት አላስፈለገንም፤ ፓሪቲውን የሠራው ስሌት ራሱ የጠፋውን መለሰው። ከአራቱ ሰልፎች የትኛውም ቢሆን የሌሎቹ የሦስቱ ኤክስኦር ነው።

## ፓሪቲው ያለበት ዲስክ ራሱ ቢሞትስ?

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነገሩ ገብቶታል። መልሱ፦ ሬይድ 5 ላይ «የፓሪቲ ዲስክ» የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ዲስክ በትንንሽ ቁራጭ ይከፋፈላል፤ ሊነክስ በሚባለው ስርዓተ ክወና ላይ ያለው ሬይድ ሌላ ካልተባለ 512 ኪሎባይት ቁራጭ ይጠቀማል። ከየዲስኩ አንድ አንድ ቁራጭ ሲሰለፍ አንድ ረድፍ ይሆናል። በአንዱ ረድፍ ፓሪቲው አራተኛው ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ሦስተኛው ላይ፣ ከዚያ ሁለተኛው ላይ፣ እያለ ይዞራል። የሚዞረውም አንድ ነገር በተጻፈ ቁጥር ፓሪቲውም ስለሚቀየር ነው፤ ሁሉም አንድ ዲስክ ላይ ቢጫን ያ ዲስክ ሌሎቹን ያስጠብቃቸው ነበር።

ስለዚህ አራት ዲስክ ካላችሁ የሞተው ዲስክ ሦስት አራተኛው ዳታ፣ አንድ አራተኛው ፓሪቲ ነው። መልሶ ሲገነባም ሁለቱንም ይሠራል። ዳታ በነበረበት ረድፍ ዳታውን፣ ፓሪቲ በነበረበት ረድፍ ፓሪቲውን ያሰላል። ስሌቱ አንድ ስለሆነ «ይሄ የቱ ነው?» ብሎ መጨነቅ እንኳ አያስፈልገውም።

## ዲስኩ በሞተበት ዕለት ሳጥኑ ምን ይሆናል?

መሥራቱን ይቀጥላል። የሚያታልለውም ይሄ ነው። ፋይሉ ይከፈታል፣ ቪዲዮው ይጫወታል። ሊነክስ ላይ እያንዳንዱ ጤነኛ ዲስክ በአንድ የእንግሊዝኛ «ዩ» ፊደል ነው የሚታየው፤ ትናንት አራት «ዩ» ተደርድረው የነበሩት ዛሬ ሦስት ይሆኑና በአንዱ ቦታ ትንሽ ጭረት ትገባለች። ምልክቱ ይቺ ጭረት ብቻ ናት። አንዳንዱ ሳጥን ይጮኻል፤ ሰውም መጀመሪያ የሚፈልገው ጩኸቱን የሚያጠፋበትን ቁልፍ ነው።

በውስጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሞተው ዲስክ ላይ የነበረች አንዲት ቁራጭ ስትፈለግ ሳጥኑ ሦስቱንም ዲስኮች አንብቦ፣ አስልቶ፣ እዚያው ፈጥሮ ነው የሚሰጣችሁ። ለዚያ ነው የሚንቀራፈፈው። ከዚህ በኋላ መሳሳቻ የለም። ሁለተኛ ዲስክ ከወደቀ አለቀ።

## አዲስ ዲስክ ሲገባስ?

ሳጥኑ ከመጀመሪያው ረድፍ ይነሳል። የሦስቱን ዲስኮች ቁራጭ ያነባል፣ ያሰላል፣ ውጤቱን አዲሱ ላይ ይጽፋል፣ ወደ ቀጣዩ ረድፍ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው። ተራ ሬይድ ፋይል የት እንዳለ አያውቅም፣ ስለዚህ ባዶውን ቦታ ሳይቀር ይገነባል። ዜድኤፍኤስ የሚባለው ሥርዓት ግን ፋይሎቹንም የሚያስተዳድረው ራሱ ስለሆነ የተያዘውን ቦታ ብቻ ይሠራል።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዲስኩ 8 ቴራባይት ነው እንበል፣ በአማካይ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ይጽፋል። ሲሰላ ወደ 15 ሰዓት ይመጣል። ይሄ ማንም ሳይነካው ነው። ቢሮው ሥራ ላይ ከሆነ ሳጥኑ ለሰው ቅድሚያ ይሰጥና ግንባታውን ያዘገየዋል። ሊነክስ ዲስኮቹ ሥራ ሲበዛባቸው የግንባታውን ፍጥነት በሰከንድ እስከ 1 ሜጋባይት ገደማ ሊያወርደው ይችላል። በዚያ ፍጥነት ብቻ ቢሄድ 8 ቴራባይት ሦስት ወር ይወስዳል! እዚያ ድረስ አይደርስም፣ ግን 15 ሰዓቱ ሁለት ሦስት ቀን ሲሆን አትገረሙ።

የዲስኩ ዓይነትም ይወስናል። ኤስኤምአር የሚባሉ ዲስኮች መስመሮቻቸው አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ ተደርቦ ነው የሚጻፈው፤ ብዙ ቦታ ይይዛሉ፣ ረጅም ጽሑፍ ሲመጣባቸው ግን ይሰቃያሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለእንዲህ ያለ ሳጥን ብሎ በሚሸጣቸው አንዳንድ ዲስኮች ውስጥ ይህን ዓይነት ሳይናገር ማስገባቱ ታውቆ ብዙ ተወርቶበታል። በጊዜው በተደረገ አንድ ሙከራ ባለ 4 ቴራባይቱ ዲስክ ግንባታውን ለመጨረስ ከዘጠኝ ቀን በላይ ፈጅቷል።

## ታዲያ አደጋው የቱ ጋ ነው?

መርካቶ አካባቢ ያለ የሰርግ ቪዲዮ ቤት እናስብ፣ ጅማ መርካቶ ማለቴ ነው። አራት ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ አለው። ሐሙስ አንዱ ሞተ። ባለቤቱ ባለሙያ ጠራ።

«ወንድሜ፣ የሞተው አንዱ ነው፤ ሦስቱ አሉ አይደል?»

«አሉ ጋሼ፣ ግን አሁን ሦስቱም ያስፈልጋሉ።»

ነገሩ ይሄው ነው። ከትናንት በስቲያ የትኛውም ዲስክ ቢሞት ችግር አልነበረም፤ ዛሬ ግን አንዳቸውም መሞት የለባቸውም። ሦስቱ ደግሞ ከሞተው ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ ምናልባትም ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው። እኩል ሠርተዋል፣ ያንኑ ሙቀትና ያንኑ የመብራት መዋዠቅ ችለዋል። አዲሱ ዲስክ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሲደርስ በሕይወታቸው ሠርተው የማያውቁት ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ያለ እረፍት፣ 24 ቴራባይት ማንበብ።

እዚህ ላይ ሌላ ጉድ አለ። ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሳይሞት አንዲት ቦታው ብቻ ልትበላሽ ትችላለች። ያ ቦታ እስኪነበብ ድረስ ማንም አያውቅም። የሦስት ዓመት ሰርግ ማን ይከፍታል? በግንባታ ጊዜ ግን ሁሉም ቦታ ይነበባል። ለተራ ተጠቃሚ በሚሸጡ ብዙ ዲስኮች መግለጫ ላይ ከ100 ትሪሊዮን ቢት አንዱ ላይነበብ ይችላል ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ 12.5 ቴራባይት መሆኑ ነው። 24 ቴራባይት ስታነቡ በወረቀቱ መሠረት ሁለት ቦታ ሊገጥማችሁ ነው። ደግነቱ ዲስኮቹ በተግባር ከወረቀቱ የተሻሉ ናቸው፣ ብዙ ግንባታም ያለ ችግር ያልቃል። ግን አንዲቷ ከገጠመች ሬይድ 5 የሚያሰላበት ነገር የለውም። አንዱ ኮንትሮለር (ሬይዱን የሚያስተዳድረው ክፍል) እዚያው ያቆማል፣ ሌላው ቦታዋን መዝግቦ ይቀጥላል፣ ዜድኤፍኤስ ደግሞ የተበላሸውን ፋይል በስሙ ይነግራችኋል።

ተራ የዴስክቶፕ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። መጥፎ ቦታ ሲገጥመው እልኸኛ ነው፤ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ሊሞክር ይችላል። ሳጥኑ ሲጠብቅ ሲጠብቅ «ይሄም ሞቷል» ብሎ ያባርረዋል። ሁለተኛ ዲስክ ወደቀ ማለት ነው፣ ሳይሞት።

## በመሃል መብራት ቢጠፋስ?

ግንባታው ራሱ ብዙውን ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፣ እሱም ዲስክ ከመሞቱ ከወራት በፊት ሊጀምር ይችላል።

ሬይድ 5 ላይ ትንሽ ነገር መቀየር ማለት ሁለት ቦታ መጻፍ ነው፦ ዳታው ያለበት ዲስክ ላይና የዚያ ረድፍ ፓሪቲ ያለበት ዲስክ ላይ። ሁለቱ ዲስኮች በአንዲት ቅጽበት እኩል አይጽፉም። ወደ ቅድሙ ምሳሌ እንመለስ፤ 1011፣ 0110፣ 1000፣ ፓሪቲው 0101። ሦስተኛው ዲስክ ላይ 1000 የነበረው ወደ 1001 ተቀየረ። ፓሪቲው ወደ 0100 ሊቀየር ሲል መብራት ድርግም አለ። 0101 እንደሆነ ቀረ።

መብራት መጣ። ሁሉም ፋይል ይከፈታል፣ ምክንያቱም ጤነኛ ሳጥን ሲያነብ ፓሪቲውን አይነካውም። ከወራት በኋላ ሁለተኛው ዲስክ ሞተ እንበል። ሳጥኑ ከ1011፣ ከ1001 እና ከ0101 ያሰላል። የሚያገኘው 0111 ነው። የነበረው ግን 0110! ያን ዕለት ሁለተኛውን ዲስክ ማንም አልነካውም ነበር። የተበላሸው ያልተነካው ነው፤ ስህተት ተፈጠረ የሚል መልእክትም አይመጣም።

መፍትሔ አለው። መብራት በድንገት ከጠፋ በኋላ ሊነክስ ሲነሳ ፓሪቲውን እንደገና ያስተካክላል። ግን ይህን ማድረግ የሚችለው ሁሉም ዲስክ ካለ ነው። አንድ ዲስክ ሞቶ እያለ መብራት በድንገት ከጠፋ፣ ሁለቱ ከተደራረቡ ማለት ነው፣ ሊነክስ ያን ሬይድ በራሱ ፈቃድ አያስነሳውም፤ ሰው ኃላፊነቱን ወስዶ ማዘዝ አለበት። ባትሪ ያለው ኮንትሮለር ያልተጻፈውን ይዞ ይቆይና መብራት ሲመጣ ይጨርሰዋል። ዜድኤፍኤስ ደግሞ አሮጌው ላይ ስለማይጽፍ፣ አዲሱን ሌላ ቦታ ስለሚያስቀምጥ፣ ችግሩ አይነካውም።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ለሁሉም ይጠቅማል፣ ከሳጥኑ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ከተያያዘ። ገመዱ ከሌለ ሳጥኑ መብራት መጥፋቱን አያውቅም፤ ባትሪው ሲያልቅ ያው ድርግም ነው። ገመዱን ካርቶን ውስጥ ትቶ ዩፒኤሱን ብቻ የሚያስገጥም ሰው ስንቱ ነው!

## ሁለት ዲስክ ቢሞትም የሚተርፍ የለም?

አለ፣ ሬይድ 6። ወደ ነጋዴው ደብተር እንመለስና ሁለተኛ ድምር እንጨምርበት። አሁን እያንዳንዱን ቁጥር በተራ ቁጥሩ እያባዛ ይደምር፦ 12 በ1፣ 9 በ2፣ 15 በ3። 12 ሲደመር 18 ሲደመር 45፣ 75 ሆነ። ደብተሩ ግርጌ ላይ 36 እና 75 ተጽፈዋል።

የሁለተኛውና የሦስተኛው መስመር ታጠበ። ከመጀመሪያው ድምር የሁለቱ ቡና 24 እንደሆነ እናውቃለን። ከሁለተኛው ድምር 12ን ስንቀንስ 63 ይቀራል። ሁለቱም በ2 ቢባዙ ኖሮ 48 ነበር የሚሆነው። የተረፈው 15 ሦስተኛው አንድ ጊዜ ተጨማሪ በመባዛቱ የመጣ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው 15፣ ሁለተኛው 9። ሁለቱም ተገኙ። ሬይድ 6 የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ቁጥሩ እንዳያድግ ብቻ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በኤቫሪስት ጋልዋ ስም የሚጠራ ለየት ያለ ሒሳብ ይጠቀማል።

ዋጋው የአንድ ተጨማሪ ዲስክ ቦታ ነው። አራቱ ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 5 የ24 ቴራባይት፣ በሬይድ 6 የ16 ቴራባይት ቦታ ይሰጣሉ። ግንባታው ግን በሰላም ይካሄዳል፤ በመሃል ያልተነበበች ቦታ ብትገጥም ሁለተኛው ድምር አለ። ምትክ ዲስክ በማግስቱ የማይገኝበት ከተማ ላለ ሰው እኔ ያለ ማመንታት ሬይድ 6 እላለሁ።

## ሬይድ ካለኝ ባክአፕ ምን ይሠራልኛል?

ፋይሉን በስህተት ብታጠፉት ሬይድ ያን ማጥፋት በአራቱም ዲስክ ላይ በታማኝነት ይጽፈዋል። ቫይረስ ቢቆልፈውም እንደዚያው። ሳጥኑ ቢሰረቅ ፓሪቲውም አብሮ ነው የሚሄደው። ሬይድ ሥራ እንዳይቆም ነው፣ ባክአፕ ዳታ እንዳይጠፋ። ሌላ ቤት የሚቀመጥ አንድ የውጭ ዲስክ እንኳ ይበቃል ለመጀመሪያ።

## እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ?

ሳይሞት በፊት ተመሳሳይ መጠን ያለው አንድ ዲስክ ገዝታችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለው ጥበቃ በዚህ ብቻ ይጠፋል። በየወሩ ደግሞ ሁሉንም ቦታ አንብቦ ከፓሪቲው ጋር የሚያመሳክር ፍተሻ ይኑራችሁ፤ ስክራብ ይሉታል። ዴቢያን ሊነክስ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በራሱ ያካሂደዋል፣ በሌሎቹ ሳጥኖች ግን ቅንብሩን ገብቶ ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል። የተበላሸች ቦታ ሁሉም ዲስክ በሕይወት እያለ ከተገኘች በፓሪቲው ትጠገናለች።

ሲሞት መጀመሪያ ባክአፑን አድሱ፣ ከዚያ ነው ግንባታው። ዲስኩን ከመንቀላችሁ በፊት ስክሪኑ የነገራችሁን ሴሪያል ቁጥር ዲስኩ ላይ ካለው ወረቀት ጋር አስተያዩ። ጤነኛውን ነቅሎ የሞተውን መተው በጣም የተለመደ ነው፤ ሳጥኑ ከላይ ሲቆጥር ከ0 ሊጀምር ይችላል፣ ሰው ደግሞ ከ1 ይጀምራል። ከተሳሳታችሁ አትደናገጡ፣ ዳታውን የሚያጠፋው መሳሳቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚጫነው ቁልፍ ነው። «እንደ አዲስ ፍጠር» ወይም «ኢኒሻላይዝ» የሚል ነገር ከመጣ እጃችሁን ሰብስቡና የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

ግንባታው ካለቀ በኋላ የቀሩትን ሦስት ዲስኮች የስማርት ዘገባ፣ ማለትም ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን፣ ክፈቱ። ለመነበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁ ቦታዎች ብዛት የሚል መስመር አለ፤ ከ0 በላይ ከሆነ ቀጣዩ ተረኛ ያ ዲስክ ሊሆን ይችላልና፣ መሳቢያው ደግሞ አሁን ባዶ ነው፣ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ደውላችሁ ሌላ እዘዙ።